ድምፅ የማይረብሽ የቤት ኮምፒውተርና ሰርቨር ዕቃ አመራረጥ

ሰው በሚተኛበት ክፍል ሌሊቱን ሳይጠፋ የሚያድር ኮምፒውተር ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከፍጥነቱ አስቀድሞ ሙቀቱን ሊመለከት ይገባል፤ ጩኸቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ሙቀት ለማስወጣት ከሚሽከረከሩት ፋኖች ነውና። ፋይል ለማስቀመጥና ለቤተሰቡ ፊልም ለማሰራጨት ብቻ ለሚውል ሰርቨር 6 ዋት የተመደበለት፣ ስለዚህም ሙቀቱ አነስተኛ የሆነው የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር በቂ ነው፤ ይህን ይዘው ያለ ፋን የሚሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮችም አሉ።

ፋን የግድ ከሆነ ትልቁን ይምረጡ። ባለ 120 ወይም 140 ሚሊ ሜትር ፋን፣ ትንሹ በፍጥነት ተሽከርክሮ የሚገፋውን አየር ቀስ ብሎ እየዞረ ይገፋል፤ የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጩኸቱ በግምት 15 ዴሲቤል ይወርዳል። ፍጥነቱን ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) በቀላሉ ለማስተካከል ማገናኛው ባለ 4 ፒን የሆነውን ይግዙ። ከቢሮ የወጡ ጠፍጣፋ የራክ ሰርቨሮች (በመደርደሪያ ላይ ተደራርበው የሚገጠሙት) ዋጋቸው ቢያጓጓም፣ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ፋኖቻቸው በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ሊዞሩ ስለሚችሉ ለመኖሪያ ቤት ፈጽሞ አልመክራቸውም።

ኤስኤስዲ (ፋይልን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ማከማቻ) የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ሲዞር የሚጮህ ነገር የለውም። ብዙ ቦታ የሚፈልግ ሰው ግን ሃርድ ዲስክ መግዛቱ አይቀርም፤ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ከሚዞረው ይልቅ 5,400 የሚዞረው ይሻላል። የእኔ ሰርቨር ሌሊት ሲያጉረመርም የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) የጎን ቆርቆሮ በጣቴ ብጫነው ድምፁ ወዲያው ጸጥ አለ፤ ያስተጋባው የነበረው ቆርቆሮው ነበር፤ ዲስኩን በላስቲክ ማረፊያ ላይ ካሰርኩት በኋላ አልተመለሰም።