ፍርዱ አገር ቤት፣ ባለጉዳዩ ውጭ፦ ይግባኝ እንዳያልፋችሁ

«እታለም፣ አትጨነቂ። ጠበቃው ይግባኝ እንላለን ብሏል።»

ታናሽ ወንድሜ ይህን የጻፈልኝ ሌሊት ነው። ጉዳዩ አባታችን ግቢ ውስጥ ያሉት ሰርቪስ ቤቶች ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ፈርዶብናል። መልእክቱን አምኜ ተኛሁ። በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ ቀኑም እንደዚያው ሄደ። ከሦስት ወር በኋላ መዝገብ ቤት ሲጠየቅ በእኛ ስም የገባ ይግባኝ የለም። ጠበቃው «ዛሬ ነገ» ሲል ቀኑ አልፎ ነበር።

ውጭ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው በማስረጃ ሳይሆን በቀን ነው። ስለዚህ ከቀኑ ልጀምር።

በፍትሐ ብሔር ክርክር ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 323 ይህን ይላል። የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው፤ እናንተ ከሰማችሁበት ቀን አይደለም። ደግሞ 60 ቀን እንጂ ሁለት ወር አይደለም። ልዩነቱ ክረምት ላይ ይታያል። ሐምሌ 10 የተሰጠ ፍርድን «ሁለት ወር አለኝ» ብላችሁ ብትቆጥሩ መስከረም 10 ይመጣላችኋል። ጳጉሜን አስገብታችሁ ቀን በቀን ስትቆጥሩ ግን 60ኛው ቀን መስከረም 5 ነው። ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ መስከረም 4። ነሐሴ ላይ ፍርድ ቤቶች በከፊል እንደሚዘጉም አስቡ። በፈረንጅ ካላንደር ለምትኖሩ ምክሬ ይህ ነው፦ ቀኑን ራሳችሁ ቀይሩት፣ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፣ ከዚያ ጠበቃውን «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት። በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ጊዜው ከዚህም ያጥራል፤ 30 ቀን ብቻ ነው።

ቀኑ ካለፈስ? የመዝገብ ቤቱ ሹም ይግባኙን አይቀበልም። በ10 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማስፈቀጃ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚቻል ግን ይነግራችኋል። በዚያ አቤቱታ የዘገያችሁበትን በቂ ምክንያት በማስረጃ ታሳያላችሁ። እኛም ይህን ሞክረናል። «ጠበቃው ነው ያዘገየው፣ እኛ አገር ውስጥ የለንም» አልን። አንቀጽ 326 ግን የወኪል፣ የጠበቃ ወይም የጠበቃ ጸሐፊ ጉድለት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ያ መስመር ሲነበብልኝ የተሰማኝን አልረሳውም። ጠበቃችሁ ቢተኛ፣ በሕጉ ዓይን የተኛችሁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ውክልና። ብዙዎቻችን አንድ ቀን ኤምባሲ ሄደን «ማንኛውንም ጉዳዬን እንዲፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ሰጥተን እንመለሳለን። ለክርክር ይህ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ክስ ለመመሥረትና ለመከራከር ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቃል በቃል ይጻፍ፦ ክስ እንዲመሠርት፣ መልስ እንዲሰጥ፣ ይግባኝ እንዲጠይቅ፣ ለሰበር ችሎት እንዲያመለክት፣ ዕግድ እንዲያስወጣ፣ አፈጻጸም እንዲከታተል፣ ጠበቃ እንዲወክል። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝና መታረቅም ልዩ ሥልጣን የሚሹ ናቸው። ወኪላችሁ እንዲከራከርላችሁ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እነሱን አትጻፉለት።

የምትወክሉትም ሰው ማንም ሊሆን አይችልም። ጠበቃ ያልሆነ ሰው ችሎት ቆሞ ሊከራከርላችሁ የሚችለው እንደ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት ያለ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ነው። የልብ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ ደላላ አይሆንም።

ውክልናው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከተፈረመ በኋላ ኦርጅናሉ አዲስ አበባ ይሄዳል። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ የትም አያደርስም። ዜግነት ቀይራችሁ ከሆነ ስማችሁንም አስተያዩ። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ገብቶ፣ ፍርዱ ላይ ደግሞ በአባት ስም ብቻ ተጠርታችሁ ከሆነ፣ «ይቺ ሴትዮ ያቺ ናት ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይህን ለማስተካከል የሚጠፋው ቀን ከ60ው ላይ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ክርክር ካላችሁ፣ ፍርዱን ሳትጠብቁ ውክልናውን ዛሬ ጨርሱ።

ፍርድ በተሰጠ ቀን ወኪላችሁ የውሳኔ ግልባጭ እንዲጠይቅ አድርጉ። ይግባኙ ያለ ግልባጩ አይገባም። ገጹን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። መጀመሪያ የመዝገብ ቁጥሩን እዩ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ። «መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል» የምትል መስመር፣ ክብ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቀን። እኔ ያን ገጽ ያየሁት ከዘገየ በኋላ ነው። ቀኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ይግባኝ ማለት ብቻውን ፍርዱን አያቆመውም። ያሸነፈው ወገን የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ ሊቀጥል ይችላል። ቤት ከሆነ ሐራጅ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከይግባኙ ጋር የዕግድ አቤቱታ አብሮ ይግባ። ፍርድ ቤቱ ዋስትና ሊጠይቅ ስለሚችል ለዚያም ተዘጋጁ።

ይግባኝ ላይ እንደ አዲስ እንከራከራለን ብላችሁም አትጠብቁ። በሥር ፍርድ ቤት፣ ማለትም መጀመሪያ በፈረደው ፍርድ ቤት፣ ያልተነሳ ነገር ወይም ያልቀረበ ማስረጃ በመርሕ ደረጃ አይታይም። ይግባኝ ሰሚው ቅሬታችሁን ካየ በኋላ «ያስቀርባል» ካለ ሌላው ወገን ተጠርቶ መልስ ይሰጣል። ፍርዱ ትክክል መስሎት «አያስቀርብም» ካለ ግን ሌላውን ወገን ሳይጠራ ይዘጋዋል። ውሳኔው ከጸና፣ በአብዛኛው የሚቀረው ሰበር ነው። ሰበር ማን እውነት ተናገረ ብሎ ምስክር አይመዝንም። የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው። «ተበድያለሁ» የሚል ረጅም ደብዳቤ እዚያ አይሠራም፤ የትኛው ሕግ እንዴት ተሳሳተ የሚለውን የሚጽፍ ሰው ፈልጉ። የማመልከቻው ጊዜም የራሱ ስለሆነ እሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።

እስካሁን ያልኩት ክርክሩን እያወቃችሁ ለተፈረደባችሁ ነው። ሳታውቁስ ከሆነ? ይህ ውጭ ባሉ ሰዎች ላይ በተደጋጋሚ ይደርሳል። ከሳሽ «አድራሻዋ አይታወቅም» ይላል፣ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፣ ጅዳ ወይም ዴንቨር ሆኖ ያንን የሚያነብ የለም፣ በሌላችሁበት ይፈረዳል። እዚህ ላይ ወደ ይግባኝ አትሩጡ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 አለ። ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት «መጥሪያ በሚገባ አልደረሰኝም፣ ፍርዱ ይነሳልኝ» ብሎ ማመልከት ይቻላል። ጊዜው ፍርዱ መኖሩን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው። ስለዚህ መቼና እንዴት እንዳወቃችሁ ማስረጃ ነው። ጎረቤት በቴሌግራም ከነገራችሁ አታጥፉት። ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጉ። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የመግቢያና የመውጫ ማኅተምም ያኔ አገር ውስጥ እንዳልነበራችሁ ያሳያል፤ ኮፒውን አስቀምጡ።

ጭራሽ ያልተከሳችሁበት ሁኔታም አለ። እናታችሁ አርፈው ወንድምና እህት ውርሱ ላይ ተካሰሱ፣ ስማችሁ ሳይነሳ ቤቱ ተከፋፈለ። ተከራካሪ ስላልነበራችሁ ይግባኝ ባይ ልትሆኑ አትችሉም። መንገዱ በዚያው ሕግ አንቀጽ 358 የፍርድ መቃወሚያ ነው። መብታችሁ የተነካ መሆኑን አሳይታችሁ ወደ ክርክሩ ትገባላችሁ። የሚቀርበው ግን ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። ቤተሰብ «በሽማግሌ እንጨርሰዋለን» ሲላችሁ ሽማግሌውን እሺ በሉ፣ ግን አፈጻጸም መከፈት አለመከፈቱን የሚያይላችሁ ሰው ይኑር።

የግብር ወይም የመሬት ካሳ ውሳኔ ከሆነ በሩ ሌላ ነው። ግብር መጀመሪያ ለራሱ ለግብር ሰብሳቢው ቅሬታ ይቀርብበታል፣ ቀጥሎ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን። የካሳም የራሱ ቅሬታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ አካል አለው። ደረጃውን ዘላችሁ ፍርድ ቤት ብትሄዱ ትመለሳላችሁ። እዚያ ጊዜው ከ60 ቀን ያጥራል፣ ደብዳቤው እንደደረሰ ተንቀሳቀሱ።

የሰርቪስ ቤቶቹ ነገር አልተመለሰም። አሁን ግን በሌላ የግቢው ጉዳይ መዝገብ አለን። ይግባኝ የጠየቅን ዕለት አዲሱ ጠበቃ «አስገብቻለሁ» ብሎ ደወለልኝ። አመሰገንኩትና መቀበያ ማኅተም ያረፈበትን ገጽ ፎቶ ጠየቅሁት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ላከው። አጉልቼ አየሁት፦ የይግባኝ መዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም። 41ኛው ቀናችን ነበር።