የመምህራን አዳዲስ ሕትመቶችና የጉባኤ ንግግሮች ዝርዝር እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ አንድ ዝርዝር ያወጣሉ። ማን ምን አሳተመ? ማን በየትኛው ጉባኤ ምን አቀረበ? ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው ይጣላል። ያ ሰው ለሁሉም ኢሜይል ይልካል፣ የመጣለትን ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል፣ በቃ። ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ግን አያስተማምንም።

እኔ ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። ተራ የጽሕፈት ሥራ ነው ሲባል አልስማማም። አማካሪ የሚፈልግ ተማሪ ዝርዝሩን ያነበዋል። አብሮት የሚሠራ ባልደረባ የሚያፈላልግ ተመራማሪ ያነበዋል። የማዕረግ ዕድገት የሚወስነው ኮሚቴም ያነበዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ሥራው በእርግጥ የት እንደደረሰ መናገር አለበት። ከታች ያለው እኔ የምሠራበት መንገድ ነው።

1. ድንበሩን መወሰን

ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የወጣ ነው የሚካተተው? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጽሑፍ ሁለት የሕትመት ቀን ሊኖረው ይችላል። አንዱ በጆርናሉ ድረ ገጽ ላይ የወጣበት ነው። ሌላው ቅጽና ቁጥር ተሰጥቶት ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የተጠረዘበት ነው። በሁለቱ መካከል ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዴ ዓመቱ ራሱ ይቀየራል። ወጥ ደንብ ከሌላችሁ ያው ጽሑፍ በሁለት ዓመት ዝርዝር ውስጥ ይገባል። እኔ ሁልጊዜ የምይዘው መጀመሪያ በድረ ገጽ የወጣበትን ቀን ነው። እናንተ ሌላውን ብትመርጡም ችግር የለውም፤ ብቻ አትቀያይሩት።

2. ሳይላክላችሁ መሰብሰብ

«ያሳተማችሁትን ላኩልን» የሚል ኢሜይል ስትልኩ ቶሎ የሚመልሱት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስለ ራሱ ማውራት የማይወደው፣ በማስተማር የተወጠረው፣ ገና የተቀጠረው መምህር ዝም ይላል። እንዲህ የተሠራ ዝርዝር የሚያሳየው የሠሩትን ሳይሆን የመለሱትን ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። መጀመሪያ ራሳችሁ ሰብስቡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ላኩና እንዲያርመው ጠይቁት። ባዶ ፎርም ከመሙላት የተጻፈን ማረም ስለሚቀል ሰውም ቶሎ ይመልሳል።

ከኦርኪድ ጀምሩ። ኦርኪድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረ፣ ለተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጥ ባለ 16 ቦታ መለያ ነው። ሁለት ሰዎች ስማቸው አንድ ቢሆን እንኳ ኦርኪዳቸው አንድ አይሆንም። ችግሩ ብዙ ሰው መለያውን አውጥቶ ገጹን ባዶ መተዉ ነው። ስለዚህ የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው በጎግል ስኮላርም ፈልጉ። እሱ ደግሞ ብዙ ነገር ያገኛል፤ ግን የሞክሼ ሰዎችን ሥራ ያደባልቃል። ከጎግል ስኮላር ያገኛችሁትን ሳታጣሩ አታስገቡ። ክሮስሬፍና ኦፕንአሌክስ የተባሉት የሕትመት መረጃ ቋቶችም ያለ ክፍያ ይፈተሻሉ።

ስም ላይ ትንሽ ቆዩ። በቋንቋው የላቲን ፊደል የማይጠቀም ጸሐፊ ስሙ በየጆርናሉ በተለያየ አጻጻፍ ይወጣል። የቤተሰብ ስም ለሌለው ሰው ደግሞ የአባቱ ስም አንዴ እንደ ቤተሰብ ስም፣ አንዴ እንደ መካከለኛ ስም ይቆጠራል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘለላል። በሁሉም አጻጻፍ ፈልጉ። ዝርዝሩ ላይ ስታሰፍሩ ግን ጽሑፉ ላይ የታተመውን እንዳለ ጻፉ። «ላስተካክለው» ካላችሁ አንባቢ ፈልጎ ያጣዋል።

ያገኛችሁትን ሁሉ ዞተሮ በተባለው የምንጮች መያዣ ሶፍትዌር ውስጥ አስገቡ። ነጻ ነው። የጽሑፉን ዲኦአይ፣ ማለትም በ«10.» የሚጀምረውን ቋሚ መለያ፣ ስትለጥፉለት ርዕሱን፣ ጸሐፊዎቹንና ጆርናሉን ራሱ ይሞላል። ኤክሴል ላይ በእጅ መጻፍን አልመክርም፤ የፊደል ግድፈት የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ዞተሮ የሞላውንም ቢሆን አንድ ጊዜ እዩት። በትልልቅ ፊደል ብቻ የተጻፈ ርዕስ ወይም የጎደለ ስም አይታጣም።

3. አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ አለመቁጠር

ዋናው ፈተና እዚህ ነው። አንድ ጥናት እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ቦታ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ጉባኤ ላይ በፖስተር ወይም በንግግር ይቀርባል። ከዚያ ገና በአቻ ሳይገመገም ፕሪፕሪንት ሆኖ እንደ አርካይቭ ባለ ማከማቻ ይወጣል። የጉባኤው ጥራዝ ውስጥም ሊታተም ይችላል። በመጨረሻ ሰፋ ብሎና ተገምግሞ ጆርናል ላይ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ርዕሱ ይቀየራል። አዲስ ተባባሪ ጸሐፊ ይጨመራል። ፕሪፕሪንቱ የራሱ ዲኦአይ ሲኖረው የጆርናሉ ጽሑፍም ሌላ ዲኦአይ ያገኛል። ስለዚህ ሶፍትዌር ድግግሞሹን ሁልጊዜ አይዝላችሁም። እናንተ ናችሁ የምትይዙት።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የአንድ ሰው ሥራዎች ውስጥ ተመሳሳይ ጸሐፊዎች ያሏቸውን ጎን ለጎን እከፍታለሁ። አብስትራክታቸውን፣ ማለትም አጭር ማጠቃለያቸውን፣ አነባለሁ። ከዚያ ሠንጠረዦቹንና ስዕሎቹን አያለሁ፤ ርዕስ ሊያታልል ይችላል፣ ሠንጠረዥ ግን ብዙም አያታልልም። ውጤቱ አንድ ከሆነ መስመሩም አንድ ነው። የጆርናሉን እጽፍና ከሥሩ «ቀደም ሲል በዚህ ጉባኤ ቀርቧል» እላለሁ። የፕሪፕሪንቱንም ማስፈንጠሪያ እዚያው አስቀምጣለሁ፤ ጆርናሉ ክፍያ ቢጠይቅ አንባቢ በነጻ የሚያነብበት መንገድ ስለሆነ ይጠቅማል። መወሰን ሲያቅተኝ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ እልካለሁ፦ «በሁለተኛው ውስጥ ከመጀመሪያው ያልነበረ ምን ውጤት አለ?» መልሱ ግልጽ ከሆነ ሁለት መስመር ይገባቸዋል። መልሱ «ያው ነው፣ ትንሽ ተሻሽሏል» ከሆነ አንድ ይበቃል።

አንዱን ደንብ በሁሉም ሙያ ላይ አትጫኑ። በኮምፒውተር ሳይንስ በጉባኤ ጥራዝ የሚወጣ ጽሑፍ ሙሉ ነው፣ በጥብቅ ይገመገማል፤ በሙያው ውስጥ ከጆርናል አያንስም። በሌሎች ብዙ ሙያዎች ግን ለጉባኤ የሚላከው የአንድ ገጽ አብስትራክት ብቻ ነው። ሁለቱን «የጉባኤ ሕትመት» ብሎ አንድ ላይ ማጎር አንባቢን ያሳስታል።

ሌላው ደረጃው ነው። የተላከ፣ ተቀባይነት ያገኘ፣ የወጣ፣ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተላከና «በግምገማ ላይ ያለ» የሚባል ነገር በፍጹም አላስገባም። ጽሑፍ መላክ ማንም ይችላል፤ ገና ማንም አልወሰነበትም። በተጨማሪም ገምጋሚና ጸሐፊ እንዳይተዋወቁ በሚደረግበት ጆርናል ርዕሱን ከስም ጋር ማውጣት ያንን ምስጢር ያበላሻል። ተቀባይነት ያገኘውን ለብቻው ክፍል እሰጠዋለሁ፤ ያውም ጸሐፊው የአርታኢውን ደብዳቤ ካሳየኝ በኋላ። ደብዳቤውን ማንበብ ግድ ነው። «አሻሽላችሁ መልሳችሁ ላኩ» የሚል ደብዳቤ ደስ ያሰኛል፤ ተቀባይነት ግን አይደለም። አንድ ዝርዝር ላይ «ታትሟል» የተባለ ጽሑፍ አይቼ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ለካ ጆርናሉ የጠየቀው ማሻሻያ ራሱ ገና አልተላከም ነበር። እስከዚያው አንድ ተማሪ ዝርዝሩን አምኖ መመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ጠቅሶታል። የሌለ ምንጭ ጠቀሰ ተብሎ የተወቀሰው ተማሪው ነው።

4. የጉባኤ ንግግሮች

ሕትመት ዱካ ይተዋል። ንግግር ብዙ ጊዜ ምንም አይተውም። ለዚህ ነው ዝርዝሮች በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ።

ማስረጃ አድርጋችሁ የጉባኤውን የመጨረሻ ፕሮግራም ያዙ፤ ከጉባኤው በፊት የወጣውን ረቂቅ አይደለም። አግኝታችሁ ስታበቁ ወዲያው ፒዲኤፉን አስቀምጡ። የጉባኤ ድረ ገጾች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ጉባኤው ካለፈ በኋላ አድራሻው የሚሞት ብዙ ነው። ገጹን የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው በዌይባክ ማሽንም ማስቀመጥ ይቻላል።

ፕሮግራም ላይ መኖር ግን መቅረብ ማለት አይደለም። ሰው ይታመማል፣ ቪዛ ይከለከላል፣ በረራ ይቀርበታል። ለእያንዳንዱ ንግግር ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀርቧል ወይ? ያቀረበውስ ማን ነው? ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። ፕሮግራሙ ላይ አምስት ስም ሊኖር ይችላል፤ መድረክ ላይ የቆመው ግን አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ወራት ተዘጋጅታ ከማታውቃቸው ሰዎች ጥያቄ የመለሰች ተማሪ እያለች ንግግሩን በፕሮፌሰሩ ስም ብቻ ማውጣት ሥራዋን መንጠቅ ነው። ሁሉንም ስም ጻፉ፤ ያቀረበውን ሰው ስም አድምቁት።

ዓይነቱንም ለዩ። ቁልፍ ንግግር፣ በግብዣ የቀረበ ንግግር፣ በጥሪ ተወዳድሮ ያለፈ ጽሑፍ፣ ፖስተርና የፓነል ውይይት የተለያዩ ናቸው። «ቁልፍ ንግግር» የሚለውን ስም ሰዎች በቀላሉ ይሰጣሉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ እንደዚያ ካላለው አትጻፉት። በጅምላ ኢሜይል «የክብር ተናጋሪ ይሁኑልን፣ ክፍያውን ይላኩ» የሚሉ ጉባኤዎችም አሉ። አዘጋጁ ማን እንደሆነ ሳታጣሩ አታስገቡ። የጉባኤውን ስም በምህጻረ ቃል ሳይሆን በሙሉ ጻፉ፣ ከተማውንና ቀኑን ጨምሩ፤ በኦንላይን ከነበረ እሱንም።

አቅራቢዎችን አንድ ነገር ለምኗቸው፦ ስላይዳቸውን ዜኖዶ በተባለው የምርምር ሥራዎች ማከማቻ ላይ እንዲያስቀምጡ። በነጻ ዲኦአይ ይሰጣል። ያኔ ንግግሩም ሌላ ሰው የሚጠቅሰው፣ ከዓመታት በኋላም የሚገኝ ሥራ ይሆናል።

5. ጆርናሉን መፈተሽ

ገንዘብ ተቀብለው ሳይገመግሙ የሚያትሙ ጆርናሎች አሉ። የታወቀ ጆርናልን ስም ቀድተው የሚያጭበረብሩም አሉ። ስሙን ብቻ አትመኑ፤ ባለ ስምንት አኃዙን የጆርናል መለያ፣ አይኤስኤስኤንን፣ አመሳክሩ። ጆርናሉ ለሁሉም ክፍት ነኝ፣ በነጻ እነበባለሁ ካለ ዲኦኤጄ በተባለው የእንዲህ ያሉ ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ ፈልጉት። አጠራጣሪ ነገር ካገኛችሁ ለሰውየው ብቻውን፣ በአክብሮት ንገሩት። ብዙዎቹ ተታለው ነው የሚገቡት፤ በተለይ ጀማሪዎች። በሰው ፊት ማሳፈር ማንንም አያስተምርም።

ከታተመ በኋላ የተሻረ ጽሑፍም ይኖራል። ዞተሮ የተሻሩ ጽሑፎችን የሚመዘግበውን የሪትራክሽን ዋች መረጃ ስለሚጠቀም እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ካያችሁ አቁሙና አንብቡ።

6. መጻፍና ማውጣት

የጸሐፊዎችን ቅደም ተከተል አትንኩ። የራሳችሁን መምህር ወደ ፊት ለማምጣት ብላችሁም ቢሆን አትንኩ። በሒሳብ ስሞች ብዙውን ጊዜ በፊደል ተራ ይደረደራሉ፤ በሥነ ሕይወት መጨረሻ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው። ተራው ራሱ መልእክት አለው። የእናንተን ሰው ለማሳየት ስሙን ማድመቅ ይበቃል።

ዝርዝሩን በማዕረግ አትደርድሩ። በስም ፊደል ተራ ይሁን። ከየጽሑፉ ጎን የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር መጻፍንም እቃወማለሁ። ያ ቁጥር የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ነው፤ ስለዚያ አንድ ጽሑፍ የሚነግራችሁ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ዶራ የተባለው መግለጫም ተመራማሪዎች በዚህ ቁጥር እንዳይመዘኑ ይጠይቃል።

ረቂቁን ለየሰው ላኩ፤ ቀነ ገደብ ስጡ። ለታተመ ሥራ ዝምታ ችግር የለውም፤ ዲኦአዩ ይመሰክራል። ለንግግር ግን ዝምታን እንደ «አዎ» አትቁጠሩት፤ ደውሉ። ስታወጡት እስከ የትኛው ቀን የተሰበሰበ እንደሆነ ከላይ ጻፉ፣ እርማት የሚላክበትንም አድራሻ። እርማት ሲመጣ ያረማችሁበትን ቀን አስታውቁ እንጂ በዝምታ አትቀይሩ። ተቀባይነት አግኝተው ገና ያልወጡትን ዞተሮ ውስጥ በተለየ ማኅደር አቆዩአቸው። የሚቀጥለውን ዝርዝር ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ነው።