ትንሿ ጣት ስትደነዝዝ አንገት አይጠመዘዝም

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ ወደምሠራበት ክሊኒክ አንድ የባጃጅ ሹፌር መጣ። የግራ እጁ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ ደንዝዘዋል። ፍሪሲዮን መጭመቅ አቅቶታል። «ብርድ ነው ብለውኝ አንገቴን ቀጭ አስደረግኩት» አለኝ። የት? ፀጉር ቤት! ተላጭቶ ሲጨርስ፣ ማሳጁ ላይ፣ ልጁ አገጩን ይዞ ጠመዘዘው። ያን ለሊት ክንዱ እንደ እሳት ሲያቃጥለው አደረ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

አንገታችሁን ስትደፉ ማጅራታችሁ ሥር ጉብ የሚል አጥንት አለ። ብዙ ሰው ላይ ሰባተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው የአንገት አጥንት ነው። ከሱ በታች የጀርባው ይጀምራል። እዚህ መገናኛ ላይ ዲስክ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን እምብዛም አናይም፤ በብዛት የሚጎዱት ከሱ በላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው። የአንገት አጥንት 7 ሆኖ ነርቮቹ ግን 8 ጥንድ ናቸው፤ ስምንተኛው እዚችው ጋ ወጥቶ በክንድ ውስጠኛ ጎን እስከ ትንሿ ጣት ይወርዳል። ጣት የሚያጥፉትን ጡንቻዎች የሚያዘውም በአብዛኛው እሱ ነው። የፍሪሲዮኑ ነገር ገባችሁ?

አሁን ወደ ንዴቴ። «ቀጭ» ሲል ዲስኩ ቦታው የገባ ይመስላችኋል። አልገባም! ድምፁ መገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው። ካይሮፕራክቲክ፣ ማለትም አከርካሪን በእጅ የማከም ሥራ፣ በ1895 አሜሪካ የተጀመረ፣ ዓመታት የሚማሩት ሙያ ነው። በትክክል የተማረ ሰው መጀመሪያ የጣታችሁን ጥንካሬ ይፈትናል፣ ጉልበታችሁን በመዶሻ መታ አድርጎ ያያል፣ አስነስቶ ያራምዳችኋል፤ ህብለ ሰረሰር የተጫነ ከመሰለው አንገታችሁን ሳይጠመዝዝ ሐኪም ዘንድ ይልካችኋል። የሚነካ ከሆነም ቀስ ብሎ መሳብና ማንቀሳቀስ ይበቃዋል። ቪዲዮ አይቶ የለመደው ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል? በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮች አሉ፤ በኃይለኛ ጥምዘዛ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ወለምታ ላይ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አውቃለሁ። ማጅራት ግን ቁርጭምጭሚት አይደለም።

የራሴንም ልናዘዝ። ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ትንሿ ጣቴ ደነዘዘ ብለው መጡ። ክርን ላይ የታፈነ ነርቭ መስሎኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክርናቸውን ሳሽ ከረምኩ። መደንዘዙ የት ድረስ ይወጣል ብዬ አልጠየቅኋቸውም። የክርን ነርቭ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እጅ አንጓ አካባቢ ይቆማል፤ የእሳቸው ግን ክንዳቸው ድረስ ይወጣ ነበር። አውራ ጣታቸውም ደክሟል። ነርቩ የተጫነው ለካ አንገታቸው ላይ ነበር። እሳቸው አልተቆጡኝም፣ «ይሁን ልጄ» ነው ያሉኝ፤ ያ ባሰብኝ።

በራጅ አትጽናኑ። ራጅ ዲስክ አያሳይም፤ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ትከሻ አጥንቱንም ይሸፍነዋል። ኤምአርአይ ያሳያል። ወረቀቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል ስላያችሁም አትደንግጡ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎችም ላይ ይገኛል። ብዙዎቹ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ያለ ኦፕራሲዮን ይሻላቸዋል።

የአንገት ኮላር ወር ሙሉ አስሮ መዋል ጡንቻን ያደክማል።

ሕመሙ ጠፍቶ እጅ ከደከመ ድናችኋል ማለት አይደለም። እግር ከተሳሰረ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረ፣ ሽንት ካስቸገረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ እኔ ጋም አትምጡ።

ሹፌሩ እግሩ ደህና ነው። ኤምአርአይ ታዞለታል። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ነገ ልሥራ?» አለኝ። እጄን ሰጥቼ ጭመቅ አልኩት። ሁለት ጣቶቹ እንደ ሕፃን እጅ ልስልስ አሉብኝ። ባጃጁን ለጊዜው ወንድሙ ይዞታል።