ወገቤን ያዘኝ፦ ችግሩና መፍትሄው

ደሴ ውስጥ ስፖርት ሳሰራ ከ"ውፍረት ልቀንስ" ቀጥሎ የምሰማው "ወገቤን" የሚለውን ነው። "ከባድ ዕቃ ጉልበት ታጥፎ ነው የሚነሳው" የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቀው ልዝለለው።

ጠዋት ወገብ ይደርቃል፣ ሲንቀሳቀሱ ይለቃል

በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ውሃ ስበው ያብጣሉ። ከአልጋ እንደወረዳችሁ አታጎንብሱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ በሉ። ስፖንጅ ፍራሻችሁ መሃሉ ከሰመጠ መጀመሪያ እሱን ቀይሩና እንነጋገር።

ከተቀመጡበት ሲነሱ ወገብ ቀና አልል ይላል

ነጋ ጠባ የማየው ይሄን ነው። ባጃጅ ነጂ፣ ባለሱቅ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ የሚከርም ሁሉ። ዳሌ ታጥፎ ውሎ ይደርቃል። ዕቃ ለማንሳት ሲጎነበሱ ዳሌው እምቢ ይላል፣ የሱን ሥራ ወገብ ይሠራል። ማታ ደግሞ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ቤት ይጠብቃል።

በዚህ ላይ ሲትአፕ (በጀርባ ተኝቶ ወገብ እያጠፉ መነሳት) ይጨመራል! አንድ ባጃጅ ነጂ ጓደኛው እግሩን እየያዘለት ማታ ማታ ሲትአፕ ይሠራ ነበር። እኔ ጋ ሲመጣ ካልሲውን የምታጠልቅለት ሚስቱ ነበረች። ታጥፎ የዋለን ወገብ መልሶ ማጣጠፍ ምን ይሉታል? ተዉት።

ጀበና ቡና የሚሸጡ አንድ እናት ደግሞ ላስቲክ ቀበቶ ከነጠላቸው ስር ጥብቅ አድርገው መጡ። "እትዬ፣ ረዳዎት?" ስላቸው፣ "ኧረ ልጄ፣ ትንፋሽ ከለከለኝ እንጂ!" አሉኝ። ቀበቶ የወገብ ሕመምን እንደማይከላከል በጥናት የታየ ነው። ገበያ ላይ ያለው ደግሞ ስፌቱ ራሱ ወር አይቆይም።

መፍትሄው ዱላ ነው። ከጀርባችሁ በቁመት ያዙት። የራስ ቅልን፣ የትከሻን መሃልና ከቂጥ በላይ ያለውን አጥንት ይንካ። ጉልበት ትንሽ ላላ ይበል። ሁለት እጁ ዕቃ የያዘ ሰው በር በቂጡ እንደሚዘጋው፣ ቂጣችሁን ወደ ኋላ ግፉ። ዱላው ከሦስቱ ካንዱ ከለቀቀ የታጠፈው ወገብ ነው፤ ቀና ብላችሁ እንደገና ጀምሩ። ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ ይበቃል። ጀሪካኑንም እንዲሁ አንሱት፣ ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ።

ቀጥሎ የካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ የስቱዋርት ማክጊል እንቅስቃሴዎች አሉ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅና ግራ እግር መዘርጋት፣ 10 ሰከንድ ይዞ መቀየር። በጎን ተኝቶ በክርን ተደግፎ ዳሌን ማንሳት፤ ጀማሪ ጉልበቱን መሬት ላይ ያድርግ። ትንፋሽ አትያዙ። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ አቁሙ። "ትንሽ ልታገሰው" የሚባል ነገር የለም!

ተሽሎ ነበር፣ መልሶ ያዘ

ተሻለኝ ብላችሁ አቁማችሁ ነዋ። በ2024 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሏል። በባለሙያ እየተመከሩ በሳምንት 5 ቀን እስከ 30 ደቂቃ ወደ መራመድ ከገቡት ግማሾቹን መልሶ እስኪይዛቸው 208 ቀን ፈጀ። የሌሎቹ 112 ቀን ነበር። "ደሴ ዳገት ናት" ሰበብ አይሆንም። ብቻ በመጀመሪያው ቀን የጦሳን ተራራ አትውጡ።

ከጉልበት በታች ይነዝራል፣ ይደነዝዛል

ነርቭ ተነክቶ ይሆናል። ሐኪም ይየው። ጀርባን በልጅ ማስረገጥ ክልክል ነው።

ሽንት አልቆጣጠር ወይም አልወጣ ካለ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከሰነፈ

ዛሬውኑ ሆስፒታል። ነገ አይባልም።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ

የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ስፖርቱን አቁማችሁ ተመርመሩ። ወጌሻ እንዳታሹት።