ሙሌት ሲወድቅ ኮምፖዚቱን አትውቀሱ፦ ክፉኛ በተበላ ጥርስ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ታካሚ "ሙሌቴ ወደቀ" ብሎ ሲመለስ ወቀሳው ቀድሞ የሚያርፈው ኮምፖዚቱ (የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ) ላይ ነው። ርካሽ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። እባካችሁ የወደቀውን ቁራጭ ሳትጥሉት ገልብጣችሁ እዩት። ከሥሩ ቡናማና ለስላሳ ዴንቲን (የጥርሱን የውስጥ አካል) ይዞ ከመጣ ቦንዲንጉ (ማጣበቂያው) ሥራውን ሠርቷል፤ የተለጠፈው ግን የበሰበሰ ነገር ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ስህተት ይኸው ነው፦ መሃሉን እየቆፈሩ ዙሪያውን መተው። ደሴ ላይ እጃችን የሚገባው ጥርስ ብዙ ጊዜ ግማሹ ያለቀ ነው፤ ሰው ሕመሙ እንቅልፍ እስኪነሳው ድረስ አይመጣም። ጀማሪ ሐኪም ጥቁሩን ሲያይ ይደነግጥና በቀጥታ ወደ ነርቩ ይወርዳል። ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት የታች መንጋጋ ጥርሳቸው እንዲህ ተሠርቶ አይቻለሁ። ነርቩ ተነክቷል፤ በድድ በኩል ያለው ጠርዝ ግን ኤክስካቬተር (የእጅ መፋቂያ) ሲነካው እየተላጠ ይወጣ ነበር። መነካት ያልነበረበት ተጎዳ፣ መጽዳት የነበረበት ቀረ።

መጀመሪያ ዙሪያውን አጽዱ፤ 2 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠንካራ፣ ጤነኛ ኢናሜል (የጥርሱ የላይ ሽፋን) እና ዴንቲን እስክታገኙ ድረስ። ከዚያ ወደ መሃል ግቡ፤ ነርቩ አጠገብ ስትደርሱ ድሪሉን አስቀምጡና በእጅ ሥሩ። እርጥብ ሆኖ የሚላጠው ይውጣ፤ ቀለሙ ቢጠቁርም ጫር ሲያደርጉት የሚቋቋመው ይቅር። ይህ የሚቀረው ዴንቲን ማዕድኑ የቀነሰ፣ ውሃው የበዛ ስለሆነ ቦንዲንግ እንደ ጤነኛው አይዘውም። ሙሌቱን የሚሸከመውም የሚያሽገውም ያ ንጹሕ ዙሪያ ነው። ኢናሜል ካገኛችሁ ደግሞ ሳሱለት፤ የጥርስ ሐኪሙ ቡኦኖኮር በ1955 እ.ኤ.አ. ኢናሜልን በአሲድ አዘጋጅቶ ካሳየ ወዲህ ከእሱ የሚሻል መያዣ የለንም።

አሲዱን በግምት አታቆዩ። 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ኢናሜል ላይ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቆያል፣ ዴንቲን ላይ ከ15 አይለፍ፤ ስለዚህ ከኢናሜሉ ጀምሩ። ቦንዲንጉ ሰልፍ ኤች (የራሱ አሲድ ያለው) ከሆነ አሲዱ ኢናሜሉ ላይ ብቻ ይደረግ።

ከታጠበ በኋላ ዴንቲኑን በአየር አታድርቁት። ኮላጅኑ (የዴንቲኑ ክሮች) ይተኛና ሬዚኑ (ቦንዲንጉ) መግቢያ ያጣል። በጥጥ ምጠጡት፤ ላዩ እርጥብ ሆኖ ያብረቅርቅ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ጠዋት ጠዋት የኮምፕሬሰሩን ውሃ አውጡ፤ አየሩንም መስታወት ላይ ነፍታችሁ ዘይት እንደሌለው እዩ።

ዩጂኖል (የቅርንፉድ ዘይት) ያለበት ጊዜያዊ ሙሌት ኮምፖዚት በሚጠብቅ ጥርስ ላይ አይደረግም።

ደሴ ብርድ ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የሚቀባ ቦንዲንግ ይወፍራል፣ ሶልቨንቱም (ማሟሚያ ፈሳሹም) ቶሎ አይተንም፤ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትሠሩ ደግሞ ችግራችሁ ሌላ ነው፦ ክዳኑ ክፍት ከቆየ አልኮሉ ወይም አሴቶኑ በሙቀቱ ተንኖ ያልቃል። ጠብታውን የምታወጡት ጥርሱ ከተዘጋጀ በኋላ ይሁን። 20 ሰከንድ ያህል እያሻችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ቀስ አድርጋችሁ ንፉ። ይህን መንፋት የሚዘል ሰው ሙሌቱን ውሃና ሶልቨንት ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

የታች መንጋጋ ላይ ጥጥ ብቻውን ምራቅ አይመልስም፤ ራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የላስቲክ መከለያ) አድርጉ። ከአሲዱ በኋላ ምራቅ ወይም ደም ከነካው እጠቡና ለጥቂት ሰከንድ አሲዱን ድገሙት። ወረፋው ቢበዛም ይህ አይታለፍም።

ኮምፖዚቱን ከ2 ሚሊሜትር በማይበልጥ ንብርብር ሙሉ። የላይት ኪዩሩ (ኮምፖዚቱን የሚያጠነክረው መብራት) ጫፍ ላይ የደረቀ ኮምፖዚት ካለ ብርሃኑን ይከለክላልና አስቀድማችሁ አጽዱት። ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን ብርሃኑ ከታች ሲደርስ ደክሞ ነው፤ የመጀመሪያውን ንብርብር እጥፍ ጊዜ አብሩበት። በድድ በኩል ኢናሜል ካልቀረና ቦታውን በደንብ ማድረቅ ካልተቻለ ግን ኮምፖዚቱን አታስገድዱት። ደሙን አቁሙ፣ ዴንቲኑን በፖሊአክሪሊክ አሲድ አጽዱ፣ ከታች ግላስ አዮኖመር (ሌላ ዓይነት መሙያ) አድርጉ፣ ኮምፖዚቱ ከላዩ ይምጣ።