ዲኤክስን ግቢ ውስጥ ማደስ፦ ካርቡሬተሩ ይቆየን

ዲኤክስ የምትባለው የድሮ ቶዮታ ያለችው ሰው ሁለት ሰዎች አያጣም። አንዱ መንገድ ላይ መስኮቱን አንኳኩቶ «ትሸጣታለህ?» የሚለው ደላላ ነው። ሌላው ኮፈን በተከፈተ ቁጥር አንገቱን አስግጎ «ካርቡሬተሩ ነው» የሚለው ጎረቤት።

እኔ ጎረቤቱን አምኜ ብዙ ብር አውጥቻለሁ። መኪናዋን ስገዛት ቤንዚን ትጠጣ ነበር። ጥቁር ታጨሳለች፤ የእንጦጦን ዳገት እያለቀሰች ነው የምትወጣው። አንድ ጋራዥ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) አጠበ። ሌላው ድጋሚ አጠበው። ሦስተኛው «አዲስ ግዛ» አለኝ። በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ገባሁበት። ጥፋቱ ካርቡሬተሩ ላይ አልነበረም። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣ፣ ቀጥሎ እሳት፣ ካርቡሬተር ከሁሉም በኋላ።

እኛ ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ70 ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው አራተኛው ትውልድ። «ዲኤክስ» የሞዴሏ ስም እንኳ አይደለም፤ ዴሉክስ ለማለት የተለጠፈ የደረጃ ምልክት ነው። እኛ አገር ግን ስሟ ሆኖ ቀረ። አብዛኞቹ ላይ ያለው ሞተር 4ኬ ነው፤ 1290 ሲሲ፣ ብሎኩ (የሞተሩ ገላ) ብረት፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም። ኮምፒውተር የላትም። የምትነዳው በኋላ እግሯ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ መሬቱ በሞተሩ ጎን ይታያል፤ እጅ እንደልብ ይገባል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መንከባከብ ግድ ሆኗል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከ8 እስከ 21 ያለ የቁልፍ ሴት፣ ሁለት ዓይነት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ፊለር ጌጅ የሚባለው እንደ ቢላ የሚዘረጋ ስስ መለኪያ እና የፍተሻ አምፖል ይበቃል። የታይሚንግ መብራት (እሳቱ የሚነሣበትን ቅጽበት የሚያሳየው) ከወዳጅ መዋስ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ብሎኬትም አታስደግፉ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ድንገት ይፈረካከሳል፤ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። የብረት መቆሚያ ከሌላችሁ ወፍራም ግንድ አነባብሩ፤ የተፈታውን ጎማም ከሻንሲው ሥር አስተኙት። የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ድንጋይ አስደግፉ።

ፍሬን

የማትቆም መኪና ሞተሯ ቢያምር ምን ዋጋ አለው? የኋላውን ታምቡር (ፍሬኑን የሸፈነውን ክብ ብረት) አውልቁ። ውስጡ ያለውን አቧራ በአፋችሁም በኮምፕሬሰርም አትንፉት፤ የድሮ ሸራ (ታምቡሩን እየተጫነ የሚያቆመው ልባስ) ለሳንባ ጎጂ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ሸራው አልቆ ምስማሩ ሊነካ ከደረሰ ቀይሩ። በትንሿ ሲሊንደር ጎማ ዙሪያ ርጥበት ካለ ዘይት እያፈሰሰች ነው፤ እሷም ትቀየር።

ቀጥሎ አየር ማስወጣት። የፍሬን ዘይቱ ዶት 3 ነው። ከፔዳሉ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። አንድ ሰው ፔዳል ላይ ያስፈልጋል። እኔ የእህቴን ልጅ ነው የማስቀምጠው።

«ርገጥ! ያዝ!»

«ያዝኩ፣ አጎቴ።»

ማፍሰሻዋን ትከፍታላችሁ፤ ዘይቱ ከነአረፋው ይወጣል፤ ትዘጋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» ይባላል። የመጀመሪያ ቀን ልጁ ስልኩ ሲጮህበት ሳልዘጋው እግሩን አነሳ። አየሩ ተመልሶ ገባ፤ ሁሉንም ከሀ ጀመርን። ስልክ ቤት ይቅር። የዘይት ማጠራቀሚያዋንም ቶሎ ቶሎ ሙሏት፤ ከደረቀች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ማቀዝቀዣ፦ የጠፋችው ቴርሞስታት

የእኔን ስከፍት ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የምትዘጋው በር) የምትቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር። ብዙ ዲኤክስ እንደዚሁ ነው። «ሞተር ታሞቃለች» ተብላ ተነቅላ ትጣላለች። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ለሞተሩ አላዘነም። አዲስ አበባ ጠዋት ትቀዘቅዛለች። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሙቀቱን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ቤንዚኑ በደንብ አይነድም፣ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላል። ጥቁር ጭሱ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው።

82 ዲግሪ ላይ መከፈት የምትጀምር ቴርሞስታት ግዙ። ከመግጠማችሁ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ አሙቁባት። እዚህ ጋ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ እስከ ጥግ ተከፍታ ላታዩዋት ትችላላችሁ። መከፈት ከጀመረች ደህና ናት፤ «ተበላሽታለች» ብላችሁ አትመልሷት።

የራዲያተር ክዳኗም በዚሁ ምክንያት ቀልድ አይደለችም። 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዛ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ታደርሰዋለች። ጎማዋ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አትይዝም፤ ውሃው 92 ላይ ይንተከተካል። ስንቱ ሰው ለቴስታታ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መሐል ላለው ማሸጊያ) የከፈለው በአንዲት ክዳን ምክንያት ይሆን? አሉሚኒየም ቴስታታ አንዴ ከጋለ ይጣመማል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን አትንኩ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሳይሆን ፀረ ዝገት ያለበት ኩላንት ቀላቅሉ።

እሳት

ችግሬ የነበረው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የእናንተም እዚሁ ይሆናል።

አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የምታቀጣጥለዋን) አውጥታችሁ በወጡበት ተራ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ጫፏ ቀላል ቡናማ ከሆነች ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን ብዛት ወይም የደከመ እሳት ነው። ዘይት ከነካት ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ነው፤ እሱ ሌላ ቀጠሮ ይፈልጋል። አራቱ እኩል ከጠቆሩ ችግሩ የጋራ ነው። አንዷ ብቻ ከጠቆረች ግን ካርቡሬተሩን ተዉት፤ እሱ ለአራቱም ነው የሚያድለው። የዚያችን ገመድ ተከተሉ።

ገመዶቹን ለመፈተሽ ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። እሳት የሚያፈስ ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያል። በእጅ አትንኩት፤ ይመታል።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለአራቱ ካንዴላ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አውልቁ። ውስጡ ኮንታክት ፖይንቷ አለች፤ እየተከፈተች እየተዘጋች ቦቢናውን (ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ጥቅል ሽቦ) የምታስነሣዋ። የእኔዋ ፊቷ ተቦርቡሮ አንድ በኩል ተራራ፣ ሌላ በኩል ገደል ሆኖ ነበር። ሦስት መካኒክ ካርቡሬተር ሲያጥብ ይችን የከፈታት አልነበረም። አዲሷን ስትገጥሙ ፊቷ እንዳይቃጠል ከምትጠብቃት ከኮንደንሰሯ ጋር ቀይሩ። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳለ ሞተሩን በክራንክ ፑሊው ብሎን አዙሩት። ፖይንቷ የጉብታው ጫፍ ላይ ወጥታ እስከ መጨረሻው ስትከፈት ክፍተቷን 0.45 ሚሊሜትር አድርጉ። ፊለር ጌጁ ሳይላላም ሳይጨነቅም ትንሽ እየያዘ ይለፍ። የካንዴላዋን ክፍተት 0.8 ሚሊሜትር አድርጉ። የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው፤ አንደኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው።

የፖይንት ክፍተት በተነካ ቁጥር ታይሚንጉ ይዛነፋል። ስለዚህ ታይሚንግ ሁልጊዜ ከፖይንት በኋላ ነው። ሞተሩን አሙቁ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅላችሁ ድፈኑ፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ በሚዞርበት) ላይ እያለ መብራቱን ፑሊው ላይ አብሩ። መነሻው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ 8 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን እመኑ። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ መጨመር ይቻላል። ዳገት ላይ ጋዝ ስትረግጡ ቆርቆሮ የሚመታ ድምፅ ከሰማችሁ አበዛችሁት፤ መልሱት።

ይህን ስጨርስ እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ወጣኋት። ካርቡሬተሩን አልነካሁም።

ስለ ኮምፕሬሽን፣ ሲሊንደሩ አየሩን ስለሚጨምቅበት ግፊት፣ አንድ ጨዋታ ጣል ላድርግ። አንድ መካኒክ የኮምፕሬሽን መለኪያ ሰክቶ «9 ኪሎ ነው፣ ሞተርህ አልቋል» ሊላችሁ ይችላል። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ 11 ወይም 12 ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ያ ቁጥር ግን በባሕር ጠለል የተለካ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሞተሩ ያላገኘውን አየር ከየት አምጥቶ ይጨምቃል? ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱ በ1 ኪሎ ልዩነት ውስጥ ከተቀራረቡ ሞተራችሁ ጤነኛ ነው። ጋዙን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ መለካታችሁን ግን እርግጠኛ ሁኑ።

አሁን ካርቡሬተር

የአየር ማጣሪያውን አጽዱ ወይም ቀይሩ። ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የአየሩን መግቢያ የሚያጠበው ክዳን) እስከ መጨረሻው መከፈቱን እዩ፤ ግማሽ ተዘግቶ የቀረ ቾክ ቤንዚን እንደ ጉድ ያስበላል። የቤንዚን ጎድጓዳው ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ ነዳጁ መሐሏ አካባቢ መታየት አለበት። የተሰነጠቁ ስስ የጎማ ቱቦዎችን ቀይሩ።

የሚኒሞ ድብልቅ ብሎኗን ከመንካታችሁ በፊት በቀስታ እየዘጋችሁ ዙሩን ቁጠሩ፤ ጻፉት፤ ወደነበረችበት መልሱ። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ እያለ ቀስ እያላችሁ ዝጓት። መንገዳገድ ሲጀምር ተረጋግቶ እስኪዞር ትንሽ መልሱ። ሚኒሞውን 750 ዙር ገደማ ላይ አቁሙት።

ጥላሸቱ አሁንም ካልለቀቀ ጄት ነው፤ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን። ካርቡሬተሩ የተሠራው ለባሕር ጠለል አየር ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል። ዋናዋ ጄት ላይ ቁጥር አለ፤ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለች ፈልጋችሁ ቀይሩ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካርቡሬተር በርካሽ ገዝቶ ጄቷን መውሰድ ይቻላል። የራሳችሁን በብየዳ ደፍኖ በሽቦ ቀዳዳ ማበጀት የሚባለውን ብልሃት ግን አትሞክሩት።

ሞዲፊክ ካማራችሁ

እኔ የምመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ መብራት። የድሮዎቹን አውጥታችሁ ኤች4 የሚባለውን አምፖል የሚቀበል ግጠሙ፤ ግን በሪሌ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ብዙውን በሚያበራ ማብሪያ። ሁለት 55 ዋት አምፖል 9 አምፔር ይስባል፤ ያ ሁሉ በአርባ ዓመት ማብሪያ ውስጥ ሲያልፍ መብራቱ ይደክማል፣ ማብሪያውም ይቀልጣል። ከባትሪ በፊውዝ ቀጥታ ወደ ሪሌ፣ ከሪሌ ወደ መብራት አምጡ። የድሮው ሽቦ ሪሌዋን ብቻ ይቀስቅስ።

ሁለተኛ ጎማ። በቀጭኑ 155 ፋንታ 175/70 አር13 ግጠሙ። ቁመቱ ከድሮው ጋር እኩል ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም። በክረምት አስፋልት ላይ ልዩነቱ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ፖይንት የሌለው ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር። ከኬ ቤተሰብ ሞተሮች የወጣ ፈልጉ።

ማርሚታ ነቅሎ ማስጮህ ጉልበት አይጨምርም፤ ጎረቤት ነው የሚጨምረው። ሞላ ቆርጦ ማውረድማ የሰፈራችንን ጉድጓድና ጉብታ ያላየ ሰው ሐሳብ ነው። 5ኬ ሞተር መግጠም የሚያጓጓ ነው፤ 1486 ሲሲ ነው፣ ዘሩም አንድ ስለሆነ ብዙ አያጣላም። ግን የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ አለ። መጀመሪያ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ ቦሎ ስታሳድሱ ጣጣ ይገጥማችኋል።

ጄት ከቀየራችሁ አሮጌዋን አትጣሏት። በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጋችሁ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከአንዲት ካቻቢቴ ጋር አኑሯት። ለአዲስ አበባ የተስተካከለች መኪና ወደ አዋሽ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሳታል፣ ሞተሩ ይግላል። ረጅም ጉዞ ከሆነ አዳማ ላይ ቡና ስትጠጡ ሞተሩ ይብረድና መልሳችሁ ግጠሟት።