የደጅ የበዓል መብራት በራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ

መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው ስማርት ሶኬት፣ ማለትም በስልክ አፕ የሚታዘዝ ሶኬት ነው። አፑ ላይ ሰዓት መሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራውን የሚያበላሹት ዝናብ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ሶኬትና ግድግዳ ያደከመው ዋይፋይ ናቸው፤ ስለዚህ ከእነሱ እንጀምር።

የሚያስፈልገው ለውጭ የተሠራ ስማርት ሶኬት ነው። ካርቶኑ ላይ ቢያንስ አይፒ44 (IP44፣ የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ) ይበል፤ ሁለተኛው 4 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። በጎማ ውሃ የሚጠጣ አትክልት አጠገብ ከሆነ አይፒ65 ይሻላል። የቤት ውስጥ ሶኬት በላስቲክ ጠቅልሎ ማውጣት አያዋጣም፤ ላስቲኩ ዝናቡን ቢያስቀርም ውስጡ እንፋሎት ያጠራቅማል።

ቀጥሎ ሒሳብ። 10 አምፔር የሚል ሶኬት በ220 ቮልት 2200 ዋት ይችላል፤ ለሰዓታት ለሚበራ ጭነት ግን ከ80 በመቶው፣ ማለትም ከ1760 ዋት አይለፉ። ባለ 7 ዋት 25 አምፖሎች ያሉት የድሮው ዓይነት መብራት አንዱ ገመድ 175 ዋት ስለሚበላ፣ አሥሩ ገደቡን ሞሉት ማለት ነው። ኤልኢዲ በዋት በጣም ትንሽ ነው፤ ተንኮሉ ሌላ ጋ ነው። እያንዳንዱ አዳፕተር በሚበራበት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል። ብዙ አዳፕተር አንድ ሶኬት ላይ ሲደረደር የሶኬቱ ውስጥ ማብሪያ፣ ሪሌዩ፣ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ጭነቱን ለሁለት ሶኬት ከፍለው በአንድ ደቂቃ ልዩነት እንዲበሩ ያድርጉ።

ገመዱን ከመስቀልዎ በፊት አንድ ሙከራ አለ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው። መብራቱን ይሰኩና በቁልፉ ሳይብለጨለጭ የሚበራበትን ሁኔታ ይምረጡ፤ ነቅለው 10 ሰከንድ ቆይተው መልሰው ይሰኩት። በመረጡት ሁኔታ ከበራ ጥሩ። ወደ ብልጭ ድርግም ከተመለሰ በየማታው እንዲሁ ያደርጋል። ቁልፉ ካልተነካ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ደግሞ ስማርት ሶኬት አያድነውም፤ ሌላ መብራት ይፈልጉ።

ሲሰቅሉ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንደገና ሽቅብ ይውጣ፤ ውሃው ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መሰኪያው አይወርድም። የማራዘሚያ ገመድ ጥቅልል ከሆነ ሙሉውን ይፍቱት፣ ተጠቅልሎ ጭነት ሲሸከም ይግላል። መስመሩ ላይ የ30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ኃይሉን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑር።

ሶኬቱን መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ራውተሩ አጠገብ ያገናኙት። አብዛኞቹ የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ «አልተገኘም» ካለ ስልክዎ በ5 ጊጋኸርዝ ተገናኝቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከዚያ ወደ ቦታው ይውሰዱት። አፑ የሲግናል መጠን የሚያሳይ ከሆነ፣ ከ‑70 ዲቢኤም በታች (ለምሳሌ ‑78) ሲሆን አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። የብረት በርና የቆርቆሮ ግድግዳ ዋነኞቹ ጠላቶች ናቸው።

አሁን ሰዓቱ። ማብሪያውን በቋሚ ሰዓት ሳይሆን ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ በኋላ ያድርጉት። አፑ መጥለቂያውን የሚያሰላው ከሞሉት አድራሻ ነው፤ እሱ ከተሳሳተ መብራቱ በቀን ሊበራ ይችላል። ማጥፊያው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚሞላ ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት 23:00 ነው። የዓርብ ማታ መብራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት (01:00) እንዲጠፋ ከፈለጉ ግን ቀኑን ቅዳሜ ይበሉ። ለአፑ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑ ተቀይሯል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶኬቱ ምን ያድርግ? «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን ይምረጡ፣ አለዚያ ኃይሉ ሌሊት ሲመለስ ግቢው ቦግ ይላል። ጉድለቱ፣ ኃይሉ አመሻሽ ላይ ሄዶ ከተመለሰ የማብሪያው ሰዓት አልፎ እስከ ነገ ጨለማ ነው። መላው ቀላል ነው፤ 20:00 ላይ ሁለተኛ ማብሪያ፣ 23:10 ላይ ሁለተኛ ማጥፊያ ይጨምሩ። በርቶ ከሆነ ትእዛዙ ምንም አይለውጥም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ መሥራቱንም ይፈትኑ። ራውተሩን ሳያጠፉ የኢንተርኔቱን ገመድ ብቻ ነቅለው ቀጣዩን ሰዓት ይጠብቁ። ካልበራ ትእዛዙ ያለው ሶኬቱ ውስጥ ሳይሆን ሩቅ ሰርቨር ላይ ነው። ይህ ከረበሸዎ ሆም አሲስታንት የሚባለውን የቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ቤት ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭነው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚታዘዝ የዚግቢ (ከዋይፋይ የተለየ ገመድ አልባ መገናኛ) ሶኬት ይጠቀሙ።

ዝናብ በዘነበ ቁጥር ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ በሌላ አይቀይሩት፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ሁሉንም ነቅለው አንድ በአንድ ይመልሱ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው፣ ክዳኑ የወለቀ መቀጠያ ነው። አፑ «ጠፍቷል» እያለ መብራቱ ከበራ ደግሞ ሪሌዩ ተጣብቋል። መታ መታ ሲያደርጉት ይለቅ ይሆናል፣ ግን መልሶ ይጣበቃል፤ ሶኬቱን ይቀይሩት።